የአባትን ክራር ጊታር ላይ ለመጫወት

አባቴ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡት ተማሪዎች አንዱ ነው። ክራር ይደረድራል። እናቴ በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወሎ ደረሳት፤ ዘፈን ለቅማ ተመለሰች። እኔ ጊታር ይዤ ስመጣ አባቴ ገልመጥ አድርጎኝ «ይሄ ነገር ትዝታ ይችላል?» አለኝ።

ይችላል። እንዲያውም ተቃኝቶ ነው የሚመጣው።

ጊታራችሁን እንደ ወትሮው፣ ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ቃኙት፦ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ። ግራ እጃችሁ ምንም አይንካ። የክሮቹን ድምፅ ከጂ ጀምራችሁ ደርድሩት፦ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ይሄው ነው፤ የጎደለም የተረፈም የለም። ማረፊያችሁን ወደ ኢ ካዞራችሁት ባቲ ማይነር ይሆናል። (ባቲ የወሎ ከተማ መሆኗን እናቴ ሳትናገር አታልፍም።) ትዝታ ማይነር ካማራችሁ ቢንና ሁለቱን ኢዎች ግማሽ ድምፅ አውርዷቸው።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። የእናቴን ዘፈን በጂ፣ በሲና በዲ ኮርድ (አንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች) አጀብኩት። መሃል ላይ አቆመችና «ይሄ ማነው የገባብን?» አለች። እውነቷን ነው። ሲ ኮርድ ሲን፣ ዲ ኮርድ ደግሞ ኤፍ ሻርፕን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ኮርዱን ለጊዜው ተዉት። በአውራ ጣት ዲንና ጂን እያፈራረቃችሁ፣ በቀሩት ጣቶች ዘፋኟን ተከተሉ። ዘፈኑ ለድምፃችሁ ከወረደ ካፖ (የጊታሩን አንገት ላይ ክሮቹን የሚጫን መያዣ) እሰሩበት፤ ቅኝቱ አይፈርስም።

ግጥሙን ለመቅዳት አትቸኩሉ። እኔ ስልኬን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጬ ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ዝም እላለሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «የትኛውን ስንኝ ቀይራችሁት ነበር?» እናቴ በደርግ ዘመን፣ በቀበሌ ኪነት ጊዜ፣ «ውዴ» የሚለውን «አብዮት» ብላ ዘፍናዋለች። ሁለቱንም ቀድቻለሁ፤ የምዘፍነው የፊቱን ነው። የእናንተ ወላጆች የሰው ስም ካነሱ፣ ለሌላ ከማሰማታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

አባቴ አንድ ስንኝ ላይ ሲደርስ ዛሬም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የዚያ ዘመን ልማድ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ከሆነ ጎረቤት ይሰማል። እኔም እዚያ ስደርስ አውራ ጣቴን ከክሩ አነሳለሁ።