የአሜሪካ ሞደርኒስት ድርሰቶችን ከዘመናቸው መከራ ጋር አያይዞ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በአንደኛውና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል የተጻፉ ሞደርኒስት (የተለመደውን አተራረክ የጣሱ) የአሜሪካ ልብ ወለዶችን ጀምሮ ሃያኛው ገጽ ላይ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ታሪኩ ይቆራረጣል። ተራኪው ይቀያየራል። ዋናው ነገር ሳይነገር ይታለፋል። ደራሲዎቹ ይህን ያደረጉት አንባቢን ለማሰቃየት አይደለም (አንዳንዶቹን ግን እጠረጥራለሁ)። ጦርነት፣ ስደትና ድህነት የሚያውቁትን ኑሮ ሲያፈርሱባቸው የድሮው አተራረክ አልበቃቸውም። ስለዚህ መከራውን በታሪኩ ብቻ ሳይሆን በአጻጻፉም ውስጥ ፈልጉት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. በአጭር ልብ ወለድ ጀምሩ

የኧርነስት ሄሚንግዌይን «ቢግ ቱ ሃርትድ ሪቨር» ውሰዱ፤ የወጣው በ1925 ነው። አንድ ወጣት ብቻውን ከባቡር ይወርዳል። ከተማዋ በእሳት ወድማለች። እሱ ድንኳን ይተክላል፣ ምግቡን ያበስላል፣ ዓሣ ያጠምዳል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

2. የደራሲውን ዕድሜና ዓመቱን ጎን ለጎን ጻፉ

ሄሚንግዌይ በ1918 ጣሊያን ውስጥ ለቀይ መስቀል ሲሠራ ክፉኛ ቆሰለ። ገና 19 ዓመት አልሞላውም ነበር። ይህን ይዛችሁ ታሪኩን እንደገና አንብቡት። ስለ ጦርነት አንድም ቃል የለም። ታዲያ ልጁ ድንኳን ሲተክልና ቡና ሲያፈላ እንዲህ የሚጠነቀቀው ለምንድን ነው? እጁን ሥራ ካላስያዘ ሐሳቡ የት ሊወስደው ነው? የተዘለለውን ነገር የምታገኙት በእንዲህ ዓይነት ጥያቄ ነው።

3. ገንዘቡንና መሬቱን ተከተሉ

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ይህ እርምጃ ነው። በ1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ አልነበረውም። በኦክላሆማና በአካባቢው ደግሞ ድርቅና የአቧራ ማዕበል ተጨመረበት። የጆን ስታይንቤክን «ዘ ግሬፕስ ኦቭ ራዝ» (1939) ስትከፍቱ በቀጥታ ወደ ምዕራፍ 5 ሂዱ። የባለመሬቱ ወኪሎች መጥተው ጭሰኛውን ልቀቅ ይሉታል። ውሳኔው የእኛ ሳይሆን የባንኩ ነው ይላሉ። አንድ ትራክተር የ12 ወይም የ14 ቤተሰብ ሥራ ይተካል። ትራክተሩን የሚነዳው ማን ነው? በቀን ሦስት ዶላር የሚከፈለው የጎረቤት ልጅ! ጭሰኛው ጠመንጃውን ሊያነሳ ያስባል፤ ግን ማንን ይግደል? ሹፌሩ ቢሞት ሌላ ሹፌር ይመጣል። ከባንኩ በላይም ሌላ አዛዥ አለ። ቁጣው ማረፊያ ያጣል።

አሁን የመጽሐፉን አሠራር ተመልከቱ። ደራሲው ከመሬቱ ተፈናቅሎ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሰደደውን የጆድን ቤተሰብ ታሪክ እያቋረጠ ስለ መላው ስደተኛ የሚያወሩ ምዕራፎች ያስገባል። ብዙ አንባቢ ይዘላቸዋል። እባካችሁ አትዝለሉ! አንድ ቤተሰብ ብቻ ቢያሳየን ችግሩን የዕድል ጉዳይ ባደረግነው ነበር። ስታይንቤክ በ1936 የስደተኞቹን ካምፖች ዞሮ ለጋዜጣ ዘግቧል። ዶሮቲያ ላንግ በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ውስጥ ያነሳቻትን፣ ልጆቿ የተለጠፉባትን እናት ፎቶም አብራችሁ እዩ።

4. ድምፁን በጆሯችሁ ስሙት

ከደቡብ ወደ ሰሜን ከተሞች የፈለሱት ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃቸውንና አነጋገራቸውን ይዘው ሄዱ። የላንግስተን ሂዩዝን የግጥም መጽሐፍ «ዘ ዊሪ ብሉዝ» (1926) ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን የትካዜ ዘፈን) ምቱ ይሰማችኋል። የዞራ ኒል ኸርስተን «ዜር አይስ ወር ዎቺንግ ጎድ» (1937) ገጸ ባሕርያት የሚያወሩት በፍሎሪዳ ጥቁሮች አነጋገር ነው። በዓይን ከከበዳችሁ በድምፅ የተቀዳውን ፈልጉ።

እኛም እዚህ ውስጥ አለን። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 ሂዩዝ ስለ ኢትዮጵያ ግጥም ጽፏል። ክላውድ መኬይ ደግሞ በ1941፣ ኢትዮጵያን ለመርዳት ስለሚሯሯጡ የሃርለም (የኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር) ሰዎች ልብ ወለድ ጽፎ ነበር። የታተመው ግን በ2017 ነው፤ ደራሲው ከሞተ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ።

5. ፎክነርን መጨረሻ ላይ አድርጉት

የዊሊያም ፎክነር «አዝ አይ ሌይ ዳይንግ» (1930) 15 ተራኪዎች አሉት። አንድ ድሃ የሚሲሲፒ ገበሬ ቤተሰብ የእናትን አስከሬን በጋሪ ጭኖ ሩቅ ከተማ ሊቀብር ይሄዳል። ወረቀትና እርሳስ ያዙ። የየምዕራፉ ርዕስ የተናጋሪው ስም ስለሆነ ስሙን እየጻፋችሁ፣ ከጎኑ ያ ሰው ከተማ ሲደርስ ምን ማግኘት እንደሚፈልግ አስፍሩ። ከቀብሩ ሌላ የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው። አባትየው ለምሳሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ማስገባት ይፈልጋል።