አንድ ቤተሰብ በረንዳ ከመውጣቱ በፊት፦ ምክንያቱን መለየት፣ ኃላፊውን መጠየቅ

በረንዳ ስለሚያድር ሰው «እንዴት እዚህ ደረሰ?» ሲባል ሰፈሩ የሚመልሰው በአንድ ቃል ነው፦ «መጠጥ ነው»፣ «ስንፍና ነው»፣ «መንግሥት ነው»። እንዲህ ያለ መልስ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለብን አይነግረንም። ሰው በአንድ ሌሊት በረንዳ አዳሪ አይሆንም፤ አንድ ነገር ይጎድላል፣ የጎደለው ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ይህ አሠራር ጅማ ውስጥ ላሉ የዕድር ኮሚቴዎች፣ ለመስጊድና ለቤተ ክርስቲያን በጎ አድራጊዎች የተዘጋጀ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ ሁለት ሰውና ግማሽ ቀን ነው።

ወደ ኋላ ቁጠሩ

ቤት ከተለቀቀበት (ወይም «ልቀቁ» ከተባለበት) ቀን ተነስታችሁ አሥራ ሁለት ወር ወደ ኋላ ሂዱ። ገጹን በአራት ክፈሉት፦ መቼ፣ ምን ጎደለ፣ ያኔ ማን ያውቅ ነበር፣ ማን ሊያስቆመው ይችል ነበር። ቀን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነውና «ከአረፋ በፊት ነው በኋላ?»፣ «ቡና ለቀማው አልቆ ነበር?»፣ «ልጁ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ነበር?» እያላችሁ ጠይቁ። ባልና ሚስትን ለየብቻ አነጋግሩ። ብዙ ጊዜ ባል የሚያስቀድመው የሥራውን መቀዝቀዝ ነው፤ ሚስት ደግሞ የተሸጠውን ዕቃ። ሁለቱ ሲጋጠሙ ነው ቅደም ተከተሉ የሚወጣው።

አዘውትሮ የሚታየው መንገድ ይህ ነው፦ የሥራ ቀን ይቀንሳል፣ የሱቁ ዱቤ ያድጋል፣ አልጋና ሞባይል ይሸጣል፣ የዕድር መዋጮ ይቋረጣል፣ ልጅ ከትምህርት ይቀራል፣ በመጨረሻ ኪራይ ይዘላል። መጠጥ ካለ የትኛው መስመር ላይ እንደገባ ተመልከቱ። ከቤቱ በኋላ የመጣ መጠጥ ለቤቱ መጥፋት ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ደብተር ነው። ሁለት ወር ያልከፈለ አባል ካለ ቅጣት ከመጻፋችሁ በፊት ሰው ላኩበት። ሲሞት ድንኳን የምንተክልለትን ሰው በቁሙ በመዋጮ ዕዳ መሰረዝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሳፍራል።

ሂሳቡን በሁለት ወቅት ሥሩ

የተለመደው ስህተት ገቢን በአንድ ወር መለካት ነው። በጅማ ዙሪያ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። ለቃሚው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የጉሊት ነጋዴዋ ሁሉ ያኔ ብር ያያሉ። ክረምት ሲገባ ግንባታው ሳይቀር ይቀዘቅዛል፤ ኪራዩ ግን እንዳለ ነው።

ለማሳያ ያህል (ቁጥሮቹን በምታግዙት ሰው ቁጥር ተኩ) የቀን ሥራ 300 ብር፣ ኪራይ 2,000 ብር፣ አስቤዛና ሌላው ወጪ በወር 3,000 ብር እንበል። በበጋ 20 ቀን የሠራ 6,000 ብር ያገኛል፤ ሁሉን ከፍሎ 1,000 ብር ይተርፈዋል። ነሐሴ ላይ 9 ቀን ብቻ ቢሠራ 2,700 ብር ነው፤ ኪራይ ከከፈለ በኋላ ለቤተሰቡ በቀን 23 ብር ገደማ ይቀራል። የክረምቱ ጉድለት በወር 2,300፣ በሦስት ወር 6,900 ብር ነው። በዘጠኙ ወር 9,000 ብር ማስቀመጥ ስለሚችል በወረቀት ላይ ይወጣዋል። አንድ ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ከተኛ ግን ያበቃል። «መቆጠብ አያውቁም» ከማለታችሁ በፊት ይህን ሠርታችሁ እዩት።

ጉድለቱን የሸፈነው አራጣ ከሆነ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2479 ያዙ፤ በግለሰቦች መካከል የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። በወር 10 በመቶ የሚያስከፍል ሰው በዓመት 120 በመቶ እየጠየቀ ነው። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

አራተኛው ረድፍ

«ማን ሊያስቆመው ይችል ነበር?» በሚለው ሥር ሩቁና ቅርቡ ምክንያት ይለዩ። የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ (ለየአገሩ የተመደበው የሽያጭ ድርሻ) በ1981 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዋጋው ሲወድቅ፣ ወይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ጅማ ላይ የተጠየቀ ሰው የለም። እነዚህን ጻፉ፤ ቤተሰቡ በራሱ ጥፋት ብቻ እንዳልወደቀ ያሳያሉ። ደብዳቤ የሚጻፈው ግን ለቅርቡ ነው።

የቤቱ ጉዳይ መሃል ላይ ይቀመጣል። አዋጅ 47/1967 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የቀበሌ ቤት የድሃው መጠጊያ ሆኖ ቆይቷል፤ አሁን ግን ያጣው ሰው ሌላ የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ያለውን ቤተሰብ እንዳይለቅ ማገዝ አዲስ ቤት ከመፈለግ ይቀድማል። ውሉ በሟች ስም ብቻ ከቀረ ባለቤቲቱና ልጆቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ፋይሉ ላይ እንዲገቡ አመልክቱ።

የግል ኪራይ ከሆነ አዋጅ 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች የሚሠራ ስለሆነ ጅማ ላይ ማን እንደሚመዘግብ ከክርክሩ በፊት ጠይቁ። አከራዩንም እንደ ጠላት አትቅረቡት፤ ብዙው በዚያችው ኪራይ የሚኖር ሰው ነው። የዘገየውን በሁለት ሦስት ዙር ለመክፈል ተስማሙ፣ ለአከራዩ በባንክ ክፈሉ፣ ደረሰኙን ያዙ።

የመንግሥትን ድርሻ በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41(5) ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ልጆች፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ለመኖሪያና ለምግብ ኃላፊነት ይጥላል፤ ሁለቱም አቅም በፈቀደ መጠን። በዚህች ሐረግ ብዙ ጥያቄ ይሸሻል። «እርዱን» ብላችሁ አትጻፉ፤ «በዚህ ዓመት ለዚህ ሥራ የተያዘው በጀት ስንት ነው? ከእኛ ቀበሌ ስንት ሰው ተመለመለ?» ብላችሁ ጻፉ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉ፤ ቁጥሩን ቅጂው ላይ አስጽፉ።

ወረቀቱ በቅደም ተከተል

መጀመሪያ መታወቂያ። ከዳውሮ፣ ከከፋ ወይም ከየም የመጣ ሰው መሸኛ ከሌለው ሌላው ሁሉ ይቆማል፤ ለመሸኛው የመኪና ብር መስጠት ከብርድ ልብስ ይሻላል። ፋይዳ መታወቂያ በእጁ ሰነድ የሌለውን ሰውም በምስክር ይመዘግባል፤ ምስክሩ ራሱ የተመዘገበ ይሁን። ቀጥሎ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መክፈል የማይችል ቤተሰብ መዋጮው ይሸፈንለታል፤ ዝርዝሩ ግን የሚወጣው ከቀበሌ ስለሆነ ምዝገባው ሳይዘጋ ስሙን አስገቡ። ከዚያ ሴፍቲኔት፦ መሥራት ለሚችል የአካባቢ ልማት ሥራ (ከክፍያው 20 በመቶ ይቆጠባል)፣ ለማይችል ቀጥታ ድጋፍ።

በጅማው መርካቶ አካባቢ ብቻውን እያወራ የሚዞረውን ሰው በዚህ መንገድ አታስጀምሩት። መጀመሪያ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰዱት። ጸበሉም ዱዓውም ከመድኃኒት ጋር አይጣላም። የሚበላሸው «ተሽሎታል» ተብሎ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ስለሆነ ቀጠሮ የሚይዝለት አንድ ሰው በስም ይመደብ። መናኸሪያ የሚያድር ልጅም በሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል ይሂድ፤ ተቀባይ ሳይረጋገጥ የተላከ ልጅ በሚቀጥለው መኪና ይመለሳል።

ቤት የገባውን ቤተሰብ በሰኔ አጋማሽ ጎብኙት፤ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱና የሐምሌንና የነሐሴን ኪራይ ከየት እንደሚያመጣ አብራችሁ ሥሩ።