በገመድ ሲወጡ ጉልበት የሚጨርሱ ስህተቶች

ለመጀመሪያ ጊዜ በጁማር (ገመድ ነክሶ በሚይዝ የእጅ መሣሪያ) ስወጣ 15 ሜትር ሳልሞላ ክንዴ ሞተ። ከታች ሆኖ የሚያየኝ ሰው «እግር የለህም እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነበር። ከዚያ ወዲህ የራሴንም የሌላውንም ስህተት ሳይ ከርሜ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ገመድ ላይ የሚያደክመን በአብዛኛው ገና መሬት ላይ ሆነን ሳንለካ የተውነው ነገር መሆኑ ነው።

የማወራው ብዙ ሰው ስለሚጠቀምበት፣ «እንቁራሪት» ስለሚባለው አወጣጥ ነው። ደረት ላይ አንድ አሴንደር፣ ማለትም ወደ ላይ የሚንሸራተት፣ ወደ ታች ግን ገመዱን ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ፣ አለ። ከእሱ በላይ እጀታ ያለው ጁማር አለ። ከጁማሩ የእግር ማሰሪያ ይንጠለጠላል። ትቀመጣላችሁ፣ ጁማሩንና እግራችሁን አብራችሁ ታነሣላችሁ፣ ትቆማላችሁ፣ መልሳችሁ ትቀመጣላችሁ። በቃ። (ጁማር የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1958 መሣሪያውን ከሠሩት ሁለት ስዊዘርላንዳውያን፣ ከዩሲ እና ከማርቲ ስም ተቆርጦ የተገጣጠመ ነው።)

በክንድ መሳብ

ይሄ የስህተቶች ሁሉ አባት ነው። ሰው ሊቆም ሲል እግሩን ወደ ፊት ይገፋል፤ እግሩ ወደ ፊት ሲሄድ ደረቱ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ እንዳይገለበጥ ገመዱን አንቆ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ የክንድ ይሆናል። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ተረከዛችሁን መቀመጫችሁ ሥር አስገቡት። ቁጢጥ ካላችሁበት እንደምትነሡ አድርጋችሁ ገመዱን ተከትላችሁ ቀጥ በሉ። እጅ ጁማሩን ወደ ላይ ይገፋል፣ ሚዛን ይጠብቃል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ከክንዳችሁ ቀድሞ ጭናችሁ ከተቃጠለ በትክክል እየወጣችሁ ነው።

የእግር ማሰሪያውን በግምት ማሰር

ሰው እዚህ ላይ ለምን እንደሚሰንፍ አይገባኝም፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ልኬት ነው። ማሰሪያው ውስጥ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ ጁማሩ ከደረቱ አሴንደር ትንሽ ከፍ ብሎ መገኘት አለበት። ማሰሪያው ካጠረ ጉልበታችሁ ሳይዘረጋ ሁለቱ መሣሪያዎች ይጋጫሉ፤ እንደታጠፋችሁ ትቀራላችሁ። ከረዘመ ደግሞ ቆማችሁ ስትጨርሱ ጁማሩ ፊታችሁ አጠገብ ነው፣ ወደ ላይ የምትገፉበት ቦታ አይተርፋችሁም፣ እርምጃችሁ ያጥራል።

ከጁማሩ ወደ መታጠቂያችሁ የሚመጣው የደኅንነት ማሰሪያም ልክ አለው። መሬት ላይ ሞክሩት፦ በእሱ ብቻ ተንጠልጠሉ፣ ከዚያ እጃችሁን ዘርጉ። ጁማሩን መያዝ ካልቻላችሁ ረዝሟል። የደረቱ አሴንደር ከገመዱ በወጣ ቀን ጁማሩን ከሥር ሆናችሁ እያያችሁት መንጠልጠል ይመጣል፤ እጅ የማይደርስበትን ነገር ማየት ደግሞ ምንም አይጠቅምም። ቢያጥር አደጋ የለውም፣ ግን እያንዳንዱን እርምጃ ይቆርጥባችኋል።

የደረቱን ማሰሪያ ማላላት

አሴንደሩን ደረት ላይ ወጥሮ የሚይዘውን ማሰሪያ፣ ስለሚያጣብቅና ትንፋሽ ስለሚከለክል ሰው ያላላዋል። እኔም አላላው ነበር። ችግሩ፣ አሴንደሩ ሲላላ ስትቆሙ አብሯችሁ አይወጣም፣ ስትቀመጡ ደግሞ መልሳችሁ ትሰጥማላችሁ። ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ እርምጃ 40 ሳንቲ ሜትር የምትወጡ ከሆነ 50 ሜትር ለመጨረስ 125 ጊዜ ትቆማላችሁ። በየእርምጃው 10 ሳንቲ ሜትር ከጠፋ 167 ጊዜ ይሆናል። 42 ቁጢጥ በነጻ! ቆማችሁ ሳላችሁ ጥብቅ አድርጉት። ከወጣችሁ በኋላ ታላሉታላችሁ።

ከታች ያለውን ገመድ መርሳት

መጀመሪያ ላይ ስትቆሙ ገመዱ በደረቱ አሴንደር ውስጥ አይሮጥም፣ ተከትሏችሁ ይነሣል። ጀማሪ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ ወደ ታች የሚጎትተው ክብደት ስለሌለ ነው። በብዛት የምንጠቀምበት ብዙ የማይለጠጥ ገመድ በሜትር 70 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 10 ሜትር ስትወጡ 700 ግራም ከሥራችሁ ተንጠልጥሏል ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ራሱ ይሠራል። እስከዚያ ድረስ ታች ያለ ሰው ገመዱን ይያዝላችሁ፣ ወይም ጫፉ ላይ ቦርሳ እሰሩ፣ ወይም በሁለት እግራችሁ መሀል ቆንጥጣችሁ ቁሙ። በየእርምጃው በእጅ መጎተት ግን ክንድ ይበላል። እግር ላይ የሚታሰረው ትንሽ አሴንደርም ይረዳል፤ ፍጥነት ይሰጣል። ብቻ እሱን እንደ መያዣ አትቁጠሩት፣ በቀላሉ ከገመዱ ይወጣል።

መዝለል

ቸኩሎ እየዘለለ የሚወጣ ሰው ገመዱን ያስጨፍረዋል። ገመዱ ሲጨፍር ከላይ ያለው የድንጋይ ጠርዝ እንደ መጋዝ ይሠራበታል። የሚለጠጥ የመውጫ ገመድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፦ የአውሮፓው ደረጃ 80 ኪሎ ሲንጠለጠልበት እስከ 10 በመቶ እንዲረዝም ይፈቅድለታል። 50 ሜትር ላይ 5 ሜትር ማለት ነው፤ ከመሬት ሳትነሡ ገና ገመዱን ስትስቡ ትቆያላችሁ። ለዚህ ሥራ ብዙ የማይለጠጠውን ገመድ ተጠቀሙ፣ ጠርዙ ላይ መሸፈኛ አድርጉ፣ በዝግታ ቁሙ። አሥር እርምጃ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ እንደገና አሥር። የሚዘለው ሰው 20 ሜትር ላይ ሲያለከልክ ታልፉታላችሁ ማለት ነው፣ ገመዳችሁ ለየብቻ ከሆነ። አንድ ገመድ ላይ ከሆናችሁ ግን በሁለት ማሰሪያ ነጥቦች (ገመዱ ከድንጋዩ ጋር በታሰረባቸው ቦታዎች) መሀል ያለ ክፍል የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ሳይለቅ አትግቡ።

መሣሪያው ላይ መውደቅ

የጁማር ጥርስ የተሠራው ክብደት እንዲሸከም ነው፤ ውድቀት እንዲያቆም አልተሠራም። 80 ኪሎ ሰው ዝም ብሎ ሲንጠለጠል 0.8 ኪሎኒውተን ያህል ነው። ከ4 እስከ 6 ኪሎኒውተን አካባቢ ሲደርስ ግን ጥርሱ የገመዱን ሽፋን ሊቀደው ይችላል። ያንን ያህል ኃይል ለመፍጠር ትልቅ ውድቀት አያስፈልግም፤ ማሰሪያው ላልቶ አጭር ርቀት መውደቅ ይበቃል። ስለዚህ ከጁማሩ በላይ አትውጡ፣ ማሰሪያችሁ አይንጓለል። ጥርሱ መሀል ጭቃ ወይም በረዶ ከገባ ደግሞ ቀድሞውኑ አይነክስም፣ ስለዚህ በብሩሽ አጽዱት፣ ክብደታችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ታች ጎተት አድርጋችሁ ፈትኑት።

ገመዱ ሰያፍ ከሆነ ጁማሩ ተጣሞ ሊወጣ ይችላል። ከላይ ባለው ቀዳዳ ካራቢነር (የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ቀለበት) አስገብታችሁ ገመዱን አብራችሁ ያዙት።

ቋጠሮው ድረስ መግፋት

ድካም ላይ ሰው አንድ እርምጃ ለማትረፍ ጁማሩን ገመዱ ከላይ በታሰረበት ቋጠሮ ላይ አጣብቆ ይቆማል። ከዚያ ሊከፍተው ሲል አይከፈትም። ጥርሱ ከገመዱ እንዲላቀቅ መሣሪያው መጀመሪያ ትንሽ ወደ ላይ መሄድ አለበት፤ ወደ ላይ ደግሞ ቦታ የለም። አራት ጣት ያህል ተዉለት። አንዴ እዚያ ላይ ተጣብቄ ሩብ ሰዓት ያህል ስሳደብ ነበር፣ መሣሪያውን ማለቴ ነው።

ማሰሪያ ነጥብ ስታልፉ ቅደም ተከተሉ አይምታታባችሁ። ከመታጠቂያችሁ የሚወጣውን አጭር ማሰሪያ ነጥቡ ላይ አስገቡና ተቀመጡበት። የደረቱን አሴንደር ወደ ላይኛው ገመድ አዛውሩ፣ ቀጥሎ ጁማሩን፣ ሁለቱም መንከሳቸውን አረጋግጡ፣ ከዚያ አጭሩን ማሰሪያ አውጡ። ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት መያዣ ይኑራችሁ። በረዶ ተራራ ላይ በጁማርና በካራቢነር ብቻ የምትሄዱ ከሆነ፣ ካራቢነሩ ቀድሞ ነጥቡን ያልፋል፣ ጁማሩ ይከተላል።

መውረድ ሳይችሉ መውጣት

መሀል ላይ ደክሟችሁ ዝም ብላችሁ አትንጠልጠሉ። ሳይንቀሳቀሱ መታጠቂያ ላይ መቆየት ደም እግር ላይ አከማችቶ ራስ ሊያስት ይችላል፤ ስታርፉም እግራችሁን ማሰሪያው ውስጥ አድርጋችሁ ረገጥ ረገጥ አድርጉ። የከፋው ደግሞ መቀጠል አቅቶት መመለሱንም የማያውቅ ሰው ነው። ከመውጣት ወደ መውረድ መቀየርን ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብላችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱ፦ መውረጃውን ከደረቱ አሴንደር ሥር ግጠሙ፣ ገመዱን ወጥሩና ቆልፉት፣ እግር ማሰሪያው ላይ ቁሙ፣ የደረቱን ክፈቱ፣ መውረጃው ላይ ተቀመጡ፣ መጨረሻ ላይ ጁማሩን አውጡ። ጁማሩን ቀድማችሁ ካወጣችሁ የምትቆሙበት ነገር አይኖርም። መሣሪያ ከእጅ ሊያመልጥም ስለሚችል ከዋናው ገመድ የቀጠኑ ሁለት የፕሩሲክ ገመዶች (ዋናው ገመድ ላይ ተቋጥረው ክብደት ሲያርፍባቸው የሚይዙ) መታጠቂያችሁ ላይ ይኑሩ፤ ቋጠሮውንም ጓንት አጥልቃችሁ፣ በአንድ እጅ ማሰር እስክትችሉ ሞክሩት።