እንግዳ ፓስተር ሲሰብክ ጥቅሱ እንዳይበላሽ

ከውጭ አጋር ቤተ ክርስቲያን የመጣ ፓስተር በእንግሊዝኛ ሲሰብክ አስተርጓሚውን የሚያስጨንቀው ቀልዱ ይመስላችኋል? ጥቅሱ ነው። እንግዳው ያነባል፣ አስተርጓሚው እዚያው ቆሞ በራሱ ቃል ይመልሰዋል። ምእመኑም በቃሉ የሚያውቀው ጥቅስ ሌላ ሆኖበት ግራ ይጋባል።

መላው ቀላል ነው። ቅዳሜ ማታ የጥቅሶቹን ዝርዝር ከእንግዳው ተቀበሉ። ስብከቱን አይደለም፤ ምዕራፍና ቁጥሩን ብቻ። አስተርጓሚው አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ቁርጥራጭ ወረቀት ሰክቶ ይደር። እሁድ እንግዳው ምዕራፉን ይጥራ፣ ንባቡ ግን በአማርኛ ብቻ ይሁን። ሰዓትም ይተርፋል፤ 30 ደቂቃ የተባለ ስብከት በትርጉም 1 ሰዓት እንደሚሞላ መቼም ታውቃላችሁ።

መዝሙረ ዳዊትን ግን ቀድማችሁ አመሳክሩ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በእንግሊዝኛው 23 ነው፤ በአንዳንድ የአማርኛ እትሞች 22 ላይ ታገኙታላችሁ። መድረክ ላይ ገጽ ማገላበጥ ደስ አይልም።

እንግዳው ስብከቱን በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ከገነባው ይሄ ዘዴ አይሠራም። ያኔ በሁለቱም ቋንቋ ይነበብ፣ ልዩነቱንም አስተርጓሚው ከዋዜማው ይወቀው።