የሩጫ ጫማ ስትገዙ «ሲለመድ ይሰፋል» የሚለውን አትመኑ

መጀመሪያ የሮጥኩበት ጫማ ሲያዩት ያምራል፣ ግን ግማሽ ቁጥር ያንሰኝ ነበር። ሻጩ «ሲለመድ ይሰፋል» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ወር ሳይሞላ የሁለቱም አውራ ጣቶቼ ጥፍር ጠቆረ፣ አንደኛው ጭራሽ ተነቀለ። ተመልሶ እስኪበቅል ወራት ፈጀ። ለዚህ ነው ሰው «የቱን ጫማ ልግዛ?» ሲለኝ ቀድሜ አለካኩን የምነግረው።

ጫማ ለመግዛት ከሰዓት በኋላ ሂዱ። እግር ሲውልበት ያብጣል፣ ስትሮጡም ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የመሰላችሁ ጫማ ከአንድ ሰዓት ሩጫ በኋላ ሊያንቃችሁ ይችላል። የምትሮጡበትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። የብዙ ሰው ሁለት እግር እኩል ስላልሆነ ሁለቱንም ለኩና በትልቁ ግዙ። ስትለኩ ቁሙ፣ ክብደታችሁ እግራችሁ ላይ ይረፍ። ከረጅሙ ጣታችሁ እስከ ጫማው ጫፍ የአንድ የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይኑር። ረጅሙ ጣት ደግሞ ሁልጊዜ አውራው አይደለም፣ ሁለተኛው የሚበልጥባቸው ብዙ ሰዎች አሉ።

ጣቶቻችሁ ውስጥ ሆነው እንደልብ መንቀሳቀስ አለባቸው፣ ተረከዛችሁ ግን ከኋላ መውለቅ የለበትም። ትንሽ የሚወልቅ ከሆነ ከላይ፣ ቁርጭምጭሚት አጠገብ ያለችውን ትርፍ ቀዳዳ እዩ። ብዙ ሰው ሳይነካት ጫማውን ይጨርሳል። ክሩን በዚያው ጎን አስገቡና ትንሽ ቀለበት ሥሩ፣ ከዚያ የግራውን ክር በቀኝ ቀለበት፣ የቀኙን በግራ አሳልፋችሁ ሳቡት። ተረከዙ ቀጥ ይላል፣ ውሃ መቋጠርም ይቀንስላችኋል።

ከዚያ ሩጡበት። ሱቁ ውስጥም ይሁን ደጅ ላይ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የሚቆረቁር ነገር ካለ ተዉት፣ ሌላ ሞክሩ።

አንዳንድ ሻጮች አረጋገጣችሁን አይተው «እግርህ ወደ ውስጥ ይጋደማል፣ የሚያቀና ጫማ ያስፈልግሃል» ይላሉ። ለዓመታት ሲመከር የኖረ ነገር ነው። ነገር ግን በእግር ቅርጽ ብቻ የተመረጠ ጫማ ጉዳት እንደሚቀንስ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ቤኖ ኒግ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ ያቀረቡት ሐሳብ ለእኔ የበለጠ ያሳምነኛል፤ የተመቻችሁን ጫማ ምረጡ፣ ሰውነታችሁ ከማንም በላይ ያውቃል። አበበ ቢቂላንም አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። ይህን ሰምታችሁ ነገ ጫማ አውልቃችሁ እንዳትሮጡ ብቻ፣ እሱ በባዶ እግር መሮጥን ቀድሞ የለመደ ሰው ነው።

የሶሉ ከፍታም ልብ ይባል። ከተረከዙ ሥርና ከጣቶቹ ሥር ያለው ከፍታ ልዩነት በተለመዱት ጫማዎች ከ0 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ሲያንስ ጫናው ባትና የተረከዝ ጅማት ላይ ይበዛል፣ ሲጨምር ወደ ጉልበት ይሄዳል። ስለዚህ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው በአንድ ቀን አትዝለሉ። አዲሱን በአጫጭር ሩጫ ጀምሩት፣ ረጅሙን ለተወሰኑ ሳምንታት በአሮጌው ሩጡ።

አሁን ደስ የማይለው ነገር። ምርጥ ጫማ ገዝታችሁም ልትጎዱ ትችላላችሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው የሩጫ ጉዳት የሚመጣው ርቀት ወይም ፍጥነት ድንገት ሲጨመር ነው። ስንሮጥ እያንዳንዱ እርምጃ ከክብደታችን ሁለት ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል መሬት ላይ ያሳርፋል። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ስለሚለምዱ ትንፋሻችሁ ሲስተካከል «ጠነከርኩ» ትላላችሁ፣ ጅማትና አጥንት ግን ገና ወራት ይፈልጋሉ። ቅልጥሙን የታመመ ጀማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል እዚህ ክፍተት ውስጥ የወደቀ ነው። እባካችሁ ቀስ በሉ።

ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ተረከዛችሁን ከሥር ከወጋችሁ የውስጥ እግር ጅማት ተቆጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሩጫ ቀንሱ፣ ባታችሁን አፍታቱ። ደረጃ ስትወርዱ የጉልበት ሎሚ ዙሪያ ካመማችሁም ርቀቱን ቀንሱት። አጥንት ላይ በአንድ ጣት ልትጠቁሙት የምትችሉት፣ ስትነኩት የሚያም፣ በሮጣችሁ ቁጥር የሚብስ ሕመም ከሆነ ግን በዚያው አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ እሱን በማስታገሻ እየሸፈኑ መሮጥ ስንጥቁን ወደ ስብራት ይወስደዋል።

ጫማ ያረጃል። በጥቅሉ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው የሚባለው፣ እንደ ክብደታችሁና እንደ መንገዱ ይለያያል። የላዩን ጨርቅ አትዩ፣ ጨርቁ አዲስ መስሎ ሶሉ የሞተ ጫማ ብዙ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ አበቃለት። አዲሱን ስታመጡ ደግሞ በምላሱ ውስጠኛ በኩል የጀመራችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት።