የሚና ጨዋታ ቡድን እንዳይበተን፦ ለጅማ ተጫዋቾች

ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት የሚና ጨዋታ ሕጉ ስለከበደ የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚበተነው ሰው ተቀያይሞ፣ ቀኑ ሳይቆረጥ ቀርቶ፣ ወይም ወጪው ሁልጊዜ አንድ ኪስ ላይ እየወደቀ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ዘንዶና ስለ ሰይፍ ብዙ አንልም፤ የምንነጋገረው በጠረጴዛው ዙሪያ ስለተቀመጡት ሰዎች ነው።

ለአዲስ ሰው ባጭሩ፦ አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ ቦታውንና የሚሆነውን ይተርካል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይዘው ምን እንደሚያደርግ ይናገራሉ። ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የሚና ጨዋታ እስከ 20 ገጽ ያላቸው ዳይሶች ይፈልጋል፤ እነሱን ስትፈልጉ ወር አይለፍባችሁ። ሁለት የሉዶ ዳይስ የሚበቃው የአጨዋወት ዓይነት አለ። ድምሩ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አልተሳካም፣ ከ7 እስከ 9 ተሳክቷል ግን ዋጋ ያስከፍላል፣ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተሳክቷል። ሁለት ዳይስ ከሚወድቅባቸው 36 መንገዶች 15ቱ የመጀመሪያውን፣ 15ቱ የመካከለኛውን፣ 6ቱ የላይኛውን ይሰጣሉ። ወዳጅነት የሚሠራውም የሚፈተነውም መካከለኛው ላይ ነው፤ «ተሳክቶልሃል፣ ግን ጓደኛህ ወንዙ ማዶ ቀረ» የሚባለው እዚያ ነውና። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አጽኑ፦ ዋጋው በሌላ ተጫዋች ገጸ ባሕሪ ላይ የሚወድቀው ባለቤቱ እሺ ካለ ብቻ ነው።

ባለ 20 ገጽ ዳይስ የግድ ካስፈለገ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው እኩል የተቆረጡ ወረቀቶች ከረጢት ውስጥ ይገባሉ። የወጣው ወረቀት ወዲያው ይመለስ። ካልተመለሰ ዕድሉ ይዛባል፣ «20ው አልወጣም፣ ቀድሜ ላውጣ» የሚል ሽሚያም ይጀመራል።

ብዛቱ አጫዋቹን ሳይጨምር 4 ሰው ይሁን። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከ3 ሰዓት ውስጥ 40 ደቂቃ ለቡናና ለወሬ ቢሄድ 140 ደቂቃ ይቀራል፤ ግማሹን አጫዋቹ ይናገራል። 4 ሰው ከሆነ ለእያንዳንዱ 17 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል፤ 7 ከሆነ 10 ብቻ። በዚህ ላይ ደፋሩ የዝምተኛውን ድርሻ ይወስዳል፣ ዝምተኛውም ከጥቂት ሳምንት በኋላ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ይቀራል። ሰው ከበዛ ሁለት ቡድን ሁኑ።

የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ የለም። ሁለት ሰዓት ተቀመጡና ተስማሙ። ለሁሉም ተመሳሳይ ቁራጭ ወረቀት ይታደል፤ እያንዳንዱ ታሪኩ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገባ የሚፈልገውን፣ እንዲሁም ቢጠቀስም በዝርዝር እንዳይተረክ የሚፈልገውን ስሙን ሳይጽፍ ያስፍር። አጫዋቹ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያነባል። ክርክር አይፈቀድም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት አብረው በሚቀመጡበት ከተማ ጠንቋይ፣ መንፈስና የልብ ወለድ አማልክት ለአንዱ ተራ ተረት፣ ለሌላው የሕሊና ጉዳይ ናቸው። መፍትሔው ሰውየውን ማሳመን ሳይሆን ታሪኩን መለወጥ ነው፤ አስማተኛው መድኃኒት አዋቂ ቢሆን ጨዋታው አይጎድልም። የክፉዎቹ ወገን የእውነተኛ ብሔር ስም፣ አለባበስ ወይም የአነጋገር ዘዬ እንዳይኖረው ደግሞ በግልጽ ይነገር። ይህ ድርድር የለውም።

በጨዋታ መሐል ለሚመጣው ደግሞ ትልቅ ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ጠረጴዛው መሐል ይቀመጥ። የነካው ሰው ምክንያት አይጠየቅም፤ ትዕይንቱ ይታለፋል ወይም ይለወጣል። አጫዋቹ በመጀመሪያው ቀን ራሱ ቀላል ነገር ላይ ቢነካው ሌላው አያፍርም።

ቋንቋም ይወሰን። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ማቀላቀል ጨዋታውን ያሳምረዋል፤ ችግሩ ከሌላ ክልል ለትምህርት የመጣ ልጅ ሁሉ ሲስቅ ብቻውን ሲቀር ነው። ቀልዱ ከተነገረ ትርጉሙም ይከተል።

ቀኑን በየጊዜው በቴሌግራም ድምፅ አትምረጡ። «ማን ይመቸዋል?» የተባለ ቡድን ብዙ አይዘልቅም። በየሁለት ሳምንቱ አንድ የተቆረጠ ቀን ያዙ፤ ከ4ቱ 3ቱ ከመጡ ይጫወታል። የቀረው ሰው ገጸ ባሕሪ አይሞትም፣ አይዘረፍም፣ መንገድ ላይ ቆይቶ ይደርሳል። ሰው በቀረበት ቀን ንብረቱ ከጠፋ የሚቀየመው በእውነት ነው። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ባጃጁም መንገዱም ይጨናነቃል፤ ሌላ ቀን ይሻላል። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ቢሆን ሴቶችም፣ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ የሚገቡትም ሳይመሽ ይመለሳሉ። በረመዳን ከመግሪብ በፊት በደንብ ጨርሱ፣ ወይም ከኢፍጧር በኋላ አሳጥራችሁ ተጫወቱ፤ ለፈተና ሳምንት ደግሞ ቀድማችሁ እረፍት አውጁ።

ዝናቡን አትርሱ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የጅማ ዝናብ ሲወርድ የአጫዋቹ ድምፅ አይሰማም፣ ሰውም ስልኩን ያወጣል። ያን ጊዜ ትረካው ይቁምና ገጸ ባሕሪዎቹ እርስ በእርስ ደብዳቤ ይጻጻፉ፤ በእርሳስ፣ ሁለት ሦስት መስመር። ፊት ለፊት የማይናገሩ ሰዎች በዚህ መንገድ ሲከፈቱ ይታያል። መብራት ከጠፋም ይኸው ይሠራል፣ ሻማ ብቻ ይዘጋጅ።

ቡናው የጨዋታው ሰዓት ይሁን። አቦሉ ሲጠጣ ጨዋታ አይነሳ፤ የሳምንቱ ወሬ፣ የታመመ ዘመድ፣ የከበደ ፈተና የሚነገረው እዚያ ነው። ቶናው መሐል ላይ እረፍት ይሆናል። በረካው መጨረሻ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ የሌላ ተጫዋች አንድ የወደደለትን ድርጊት ስም ጠርቶ ይናገራል። ይህ የመጨረሻው አሥር ደቂቃ መዘለል የለበትም።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚበላሽ ነገር አለ። ቡና የምታፈላው ልጅ ስትቆላ፣ ስትወቅጥ ተራዋ ያልፋል፤ ቡድኑም የእሷን ዝምታ ፈቃድ አድርጎ ይወስደዋል። ቆሎና ቡና ማቅረብ በተራ ይሁን፣ ወንዶችም ይቁሉ። መቁላቱና መውቀጡ ጨዋታው ሳይጀመር ይለቅ፤ ቶናው በፔርሙዝ ቢቀመጥም ማንም አይሞትበትም። ቤቱን እንደ ማኅበር ጽዋ አዙሩት፤ ቤቱ የማይመቸው በቁሳቁስ ይተካ። ለከሰል፣ ለስኳርና ለቆሎ ሁሉም እኩል ያዋጣ፣ የሌለው ለሚቀጥለው ያሻግር፣ ሒሳቡን ከባለቤቱ ሌላ ሰው ይያዝ። ቆሎ፣ ቅቤ የሌለው አምባሻና የምስር ሳምቡሳ ለጾመኛውም ላልጾመውም ይሆናሉ።

ወደ ጠቡ እንምጣ። ከሁሉ የከፋችው ሐረግ «እኔ አይደለሁም፣ ገጸ ባሕሪዬ ነው ያደረገው» የምትለው ናት። ጓደኛውን የሰረቀ ወይም የከዳ ተጫዋች ከጀርባዋ ይደበቃል። ገጸ ባሕሪውን የሠራውም የሚያናግረውም ሰው ነው፤ ስለዚህ ክህደት ከማምጣቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ «እንዲህ ላደርግ ነው፣ ይመቻችኋል?» ብሎ ይጠይቅ። ምስጢሩ ቢገለጥም ታሪኩ አይበላሽም፤ ተከድቶ የሚጫወተው ሰው ራሱ ያሳምረዋል።

የሕግ ክርክር ከ2 ደቂቃ ካለፈ አጫዋቹ ለዛሬ ይወስን፣ ነገሩ ደብተር ላይ ይጻፍ፣ በረካው ላይ ይታይ። ኩርፊያ ከሆነ ግን የቡድኑ ቴሌግራም ላይ አይጻፍ። ጽሑፍ ድምፅ የለውም፤ የተጻፈውም ስንት ጊዜ እየተደገመ ይነበባል። አንድ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ያናግርና ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ያገናኛቸው። ይህ ሽማግሌ አጫዋቹ መሆን የለበትም። ብዙ ቡድን እዚህ ይሳሳታል፦ ዳኝነቱን የሰጠው እሱ ስለሆነ የአብዛኛው ቅሬታ ግማሹ ወደ እሱ ነው። በቡድኑ ውስጥ ሁሉም የሚሰማው ሌላ ሰው አይጠፋም፤ ገና ሰላም ሳለ ምረጡት።

ጅማ የተማሪ ከተማ ናትና ሰው ተመርቆ ይሄዳል። ስንብቱ ሳይታሰብበት ሲቀር ቡድኑ ከአንድ ሰው ጋር አብሮ ይሄዳል። ተመራቂው ከመሄዱ ሁለት ጨዋታ በፊት ያሳውቅ፤ በመጀመሪያው አዲስ ሰው ገብቶ አጠገቡ ይቀመጥ፣ በሁለተኛው የተመራቂው ገጸ ባሕሪ በራሱ ምርጫ ይሰናበት፤ ጡረታ ይውጣ፣ ይንገሥ ወይም ይሙት። ገጸ ባሕሪው የተጻፈበትን ወረቀት አትጣሉት። ከላዩ ላይ ሁሉም ስማቸውን ይጻፉና ለራሱ ይስጡት፤ አጫዋቹም ፎቶውን ያስቀር፣ ለበዓል ሲመለስ ገጸ ባሕሪው ለአንድ ቀን የሚገባበት በር ታሪኩ ውስጥ ክፍት ሆኖ ይጠብቀው።