የጃፓን መጸዳጃ ቤት አጠቃቀም ለተጓዦች

ወደ ጃፓን የሚሄድ መንገደኛ በአየር ማረፊያም ሆነ በሆቴል የሚገጥመው መጸዳጃ፣ መቀመጫው የሚሞቅና በጎኑ ወይም በግድግዳው ላይ በርካታ ቁልፎች የተደረደሩለት የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው። ቶቶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 «ዎሽሌት» በሚል ስም ለገበያ ካቀረበው በኋላ እየተስፋፋ ሄዶ፣ ዛሬ በአብዛኛው የጃፓን ቤት ውስጥ ይገኛል። በውኃ መታጠብ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳ የሚሆንብን ውኃውን የሚረጨው ማሽን መሆኑና ጽሑፉ ብዙ ጊዜ በጃፓንኛ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከመቀመጥዎ በፊት ማቆሚያው የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ለይተው ይወቁ።

የማቆሚያው ምልክት ባለ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ቀለሙም ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የተለየ ነው። ከኋላ ለመታጠብ የሚያገለግለው ቁልፍ ከታች ወደ ላይ የሚረጭ ውኃ ይታይበታል፤ ለሴቶች በተዘጋጀው ላይ ደግሞ የተቀመጠች ሴት ተስላለች። የጃፓን አምራቾች እ.ኤ.አ. በ2017 ምልክቶቹ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ቢስማሙም፣ ከዚያ በፊት በተሠሩት ላይ የተለያየ ሥዕል ሊያዩ ይችላሉ። የውኃው ግፊት ከፍና ዝቅ ስለሚል ከዝቅተኛው ይጀምሩ፤ ሲጨርሱም ማቆሚያውን ተጭነው፣ የምትረጨው ቀጭን ቧንቧ ወደ ቦታዋ እስክትመለስ ድረስ ባይነሡ ይሻላል።

ማቆሚያው የሚያቆመው መታጠቢያውን ብቻ ነው፤ መጸዳጃው ላይ ውኃ የሚለቀው ሌላ ቁልፍ ወይም እጀታ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ፊደላት ይኖራሉ፦ እጁንና እግሩን የዘረጋ ሰው የሚመስለው ብዙ ውኃ፣ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ግራና ቀኝ ሁለት አጫጭር ጭረቶች ያሉት ደግሞ ጥቂት ውኃ ይለቃል። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው፣ በሕዝብ መጸዳጃዎች ግድግዳ ላይ ያለውን የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ውኃ መልቀቂያ ነው ብለው እንዳይጫኑት ነው፤ ቁልፉ የታመመ ወይም የወደቀ ሰው እርዳታ የሚጠራበት በመሆኑ ሠራተኞች እየሮጡ ይመጣሉ።

በአገራችን በብዙ ቦታ የተጠቀምንበትን ወረቀት ቅርጫት ውስጥ መጣል ለምደናል። በጃፓን ግን የመጸዳጃ ወረቀቱ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ እዚያው መጸዳጃው ውስጥ ይጣላል። የንጽሕና መጠበቂያ ሞዴስ ግን በሴቶች ክፍል ለዚሁ በተቀመጠው ትንሽ ዕቃ ውስጥ መግባት አለበት።

በሴቶች መጸዳጃ የውኃ መውረድ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያም አለ። ሴቶች ድምፃቸው እንዳይሰማ ውኃ ደጋግመው ይለቁ ስለነበር፣ ይህን ብክነት ለመቀነስ ቶቶ እ.ኤ.አ. በ1988 «ኦቶሂሜ» የተሰኘውን አቀረበ። ለሰው ኀፍረት የተጨነቀ፣ ውኃንም የቆጠበ በመሆኑ እጅግ የማደንቀው ፈጠራ ነው።

በቆዩ የባቡር ጣቢያዎችና መናፈሻዎች ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት መጸዳጃ አሁንም አለ። እኛ ለአቀማመጡ አዲስ ባንሆንም አቅጣጫው ሊያሳስተን ይችላል፤ ፊትዎን ማዞር ያለብዎት ጉብ ብሎ ወደ ወጣው የመጸዳጃው ጫፍ ነው።

በመኖሪያ ቤትና በባህላዊ ማረፊያዎች ለመጸዳጃ ክፍሉ ብቻ የተመደበ ነጠላ ጫማ በር ላይ ይቀመጣል። ሲገቡ ያንን ይጫማሉ፣ ሲወጡ እዚያው ይተዉታል። ረስቶ በዚያ ጫማ ወደ ሳሎን መመለስ ባለቤቶቹን በእጅጉ የሚያሳፍር ስለሆነ ይጠንቀቁ።

የሕዝብ መጸዳጃዎች በአብዛኛው ነፃና ንጹሕ ናቸው፤ ሆኖም በብዙዎቹ የእጅ ማድረቂያ ወረቀት፣ አንዳንዴም ሳሙና አይኖርም። ጃፓናውያን መሐረብ ከኪሳቸው የማይለዩት በዚህ ምክንያት ነውና እርስዎም አንድ ይያዙ። ቦታውን ለመጠየቅ «ቶይሬ ዋ ዶኮ ዴስ ካ» ይበሉ፤ በሩ ዝግ ከሆነ ቀስ ብለው ያንኳኩ፣ ውስጥ ሰው ካለ መልሶ ያንኳኳልዎታል።